የቅንጦት መርከብ ሲሠራ፦ ከብረቱ ጀርባ ያለው ሂሳብ

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይዋ በረድ እስክትል ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። ሰሞኑን በዚያ ሰዓት ከእግር ኳስ ቀጥሎ ወሬ የሆነው አንድ የሳተላይት ጣቢያ ደጋግሞ የሚያሳየው ዘጋቢ ፊልም ነው። ፊልሙ አንድ ግዙፍ የሽርሽር መርከብ ከመጀመሪያው ብረት ቆረጣ እስከ ርክክብ እንዴት እንደሚሠራ ይተርካል። ክሬኑ አለ፣ የብየዳው ብልጭታ አለ፣ ባለ መስታወቱ አዳራሽ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ቀኑ ሊደርስ ነው፣ ሥራው ግን አላለቀም" የሚለው ጭንቀት ይመጣል። ማታ ከዚራ ማኪያቶ ላይ ወሬው ይቀጥላል።

ወሬው ውስጥ ብዙ ነገር ተደባልቋል። አንዱ "250 ሺህ ቶን ብረት እንዴት ነው የሚንሳፈፈው?" ይላል። ሌላው ያ የሰዓት ሩጫ ለፊልሙ ማሟሟቂያ የተጨመረ ድራማ ነው ባይ ነው። ሌላው ጨዋታውን ወደ እኛ ያመጣዋል፦ "ባሕር ቢኖረን እኛስ ምን ያንሰናል?"

ፊልሙ ውሸት አያሳይም። ካሜራ የሚወደውን ነው የሚያሳየው። ካሜራ ክሬን ይወዳል፤ የክፍያ ውል አይወድም። እንዲህ ዓይነት መርከብ የሚቆመውም የሚወድቀውም ግን በአብዛኛው በውሉ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቶኑ ክብደት አይደለም

መጀመሪያ ቶኑን እናጥራው። ከዓለም ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች አንዱ የሆነው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተሠራው ፊንላንድ ውስጥ ቱርኩ ከተማ ነው። 2023 መጨረሻ ላይ ተረከቡት፤ በጥር 2024 ከማያሚ ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 365 ሜትር ነው። እስከ 7,600 መንገደኛና 2,350 ያህል ሠራተኛ ይይዛል። "ቶኑ" 248,663 ነው ይባላል። ሰውን የሚያደናግረው ይህ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ግሮስ ቶኔጅ ይባላል። በመርከቡ ውስጥ ያለው የተዘጋ ቦታ በሙሉ ተለክቶ፣ በዓለም አቀፍ ቀመር ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ስፋትን እንጂ ክብደትን አይነግርም። የወደብ ክፍያና ብዙ የደህንነት ደንቦች የሚታሰቡት በዚሁ ልኬት ነው። 1912 ላይ የሰጠመችው ታይታኒክ 46 ሺህ ገደማ ነበረች። ስለዚህ አዲሱ መርከብ የታይታኒክ አምስት እጥፍ ነው ሲባል ውስጡ ያለውን ቦታ ማለት ነው። ትክክለኛው ክብደቱ ከዚህ በእጅጉ ያንሳል።

የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። ማንኛውም መርከብ የራሱን ክብደት ያህል ውኃ ገፍቶ ቦታ ይይዛል። ውስጡ በብዛት አየር ስለሆነ ያን ያህል ሳይጠልቅ ሚዛኑን ያገኛል። መሐንዲሶቹን የሚያስጨንቃቸው መንሳፈፉ ሳይሆን ቀጥ ብሎ መንሳፈፉ ነው። ሞተሩ፣ ነዳጁና የውኃ ታንኩ ከታች ይቀመጣሉ። መዋኛ ገንዳው፣ ቲያትሩና ምግብ ቤቱ ግን ከላይ ነው የሚፈለጉት፤ ደንበኛ የሚከፍለው ለእይታ ነውና። ስለዚህ ከላይ ያሉት ወለሎች በቀጭን ብረት ወይም በአሉሚኒየም ይሠራሉ። እያንዳንዱ ዕቃ፣ ወንበርና እብነ በረድ ሳይቀር፣ በኪሎ ይመዘገባል። ዲዛይነሩ ከባድ ጠረጴዛ ሲመርጥ "ሌላ ቦታ ላይ ቀንስ" ይባላል። ፊልሙ ላይ ስለ ቀለምና ስለ መጋረጃ ሲከራከሩ ከሚታዩት ሰዎች ጀርባ ይህ የኪሎ መዝገብ አለ።

ላሜራ፣ ብሎክ፣ ካቢን

ቀጭን ላሜራ በይዶ የሚያውቅ ሰው የዚህን ሥራ ፈተና ከማንም በላይ ይረዳዋል። ብረቱ ሙቀት ሲነካው ይጣመማል፣ ሆዱ ይነፋል፣ በመዶሻ ሲያቃኑት ሌላ ጫፉ ይነሳል። የመርከብ የላይኛው ወለል ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ርዝመቱ ግን አስር ሜትሮችን ያልፋል። በተለመደው ብየዳ ቢሠራ ወለሉ ሞገድ ይሆናል። ትልልቆቹ መሥሪያዎች ለዚህ ሌዘርንና አርክ ብየዳን ያጣመረ ማሽን ይጠቀማሉ። ሙቀቱ በጠባብ መስመር ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ብረቱ ብዙም አይንቀሳቀስም። ማሽኑ ከዳር እስከ ዳር ይነዳል፤ ሰውየው ከጎኑ ስክሪን እያየ ይሄዳል። ከማቃናት የተረፈው ጊዜ ነው ትርፉ።

እነዚህ ወለሎች ከግድግዳ ጋር ተጋጥመው ክፍል ይሆናሉ። ክፍሎቹ ተደራርበው ብሎክ የሚባለውን ይሠራሉ። አንድ ብሎክ በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ይመዝናል። ይኸኛው ቶን እውነተኛ ክብደት ነው። ብሎኩ በክሬን ከመነሳቱ በፊት ቧንቧውና የኬብሉ መስመር ውስጡ ይገባል። ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው የሚሠራው። ጣሪያ ላይ ተንጋሎ ቧንቧ ከመግጠም ጣሪያውን መሬት ላይ አውርዶ መግጠም ይቀላልና። የመጀመሪያው ብሎክ ዶክ ውስጥ ሲወርድ ከስሩ ሳንቲም ይቀመጣል፤ የቆየ የመርከበኞች የዕድል ልማድ ነው። ዶክ ማለት ውኃ የሚሞላና የሚደርቅ ትልቅ ገንዳ ነው። ቀፎው፣ ማለትም የመርከቡ ውጫዊ አካል፣ ሲያልቅ ውኃው ይለቀቅና መርከቡ በራሱ ይነሳል።

ተመልካችን በጣም የሚያስገርመው ግን ካቢኑ ነው። የመንገደኛው መኝታ ክፍል መርከቡ ላይ አይሠራም። ፋብሪካ ውስጥ መታጠቢያ ቤቱ፣ መስታወቱና መብራቱ ተገጥሞለት፣ እንደ ሳጥን ተዘግቶ ይመጣል። በመርከቡ ጎን በተተወ ክፍት ቦታ ይገባል። በትናንሽ ጎማዎች ላይ እየተገፋ መተላለፊያውን ይዞ ቦታው ይደርሳል። ውኃ፣ ፍሳሽ፣ አየርና ኤሌክትሪክ ከመተላለፊያው በኩል ይቀጠላሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ካቢኖች በዚህ መንገድ ከገቡ በኋላ ጎኑ ይዘጋል።

ሞተሩ ላይም አንድ ቃል ተደጋግሞ ይሰማል፤ ፖድ። ዋናዎቹ ሞተሮች መርከቡን በቀጥታ አይገፉም። ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ኤሌክትሪኩ ከመርከቡ በስተኋላ ከውኃው በታች ወደ ተንጠለጠሉ ትልልቅ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ይሄዳል። ፖድ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ዙሪያውን ስለሚዞሩ መሪ የሚባለው ሰሌዳ አያስፈልግም። ኩሽናውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ቲያትሩም ከዚያው ኤሌክትሪክ ይጠቀማሉ።

ሰዓቱ ለምን ይሮጣል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ያ የሰዓት ሩጫ ድራማ አይደለም። ከውሉ የሚመጣ ነው።

በዚህ ገበያ የተለመደው አከፋፈል እንዲህ ነው። ገዢው በግንባታው ጊዜ የዋጋውን 20 በመቶ ያህል በየደረጃው ይከፍላል። የቀረው 80 በመቶ የሚከፈለው መርከቡ በተረከበበት ቀን ነው። ብረት በር ሠሪ ጋ ሄዶ በር ያዘዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዋጋ ይቆረጣል፣ ቀብድ ይሰጣል፣ ቀሪው በሩ ሲገጠም ነው። በመሃል የቱቦላሬና የላሜራ ዋጋ እጥፍ ቢሆን በያጁ ከኪሱ ይሞላል። ወይ ደንበኛውን ይለማመጣል፣ ወይ ስልኩን ያጠፋል። መርከብ ሠሪው ስልኩን ማጥፋት አይችልም።

ሂሳቡን እንየው። መርከቡ 1 ቢሊዮን ዩሮ ነው እንበል። መሥሪያው በእጁ የሚገባው 200 ሚሊዮን ነው። ብረቱን፣ ሞተሩን፣ ካቢኑን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ለመክፈል 800 ሚሊዮኑን ለዓመታት ከባንክ ይበደራል። ርክክቡ በአንድ ወር ከዘገየ ወለዱ ይቆጥራል። የውል ቅጣት ይጨመራል። ገዢው ደግሞ የመጀመሪያውን ጉዞ ትኬት ቀድሞ ሸጧል። መርከቡ ሳይደርስ ጉዞው ከተሰረዘ ለመንገደኞቹ ገንዘብ መመለስ አለ። ፊልሙ ላይ ምንጣፍ የሚያነጥፈው ሰውዬ ሌሊት ሲሮጥ የሚታየው ለዚህ ነው።

ለምን 80 በመቶው መጨረሻ ላይ ሆነ? ገዢዎቹ ጥቂትና ጠንካራ ናቸው። ካርኒቫል፣ ሮያል ካሪቢያን፣ ኤምኤስሲና ኖርዌጂያን የሚባሉት አራት ቡድኖች አብዛኛውን ገበያ ይዘዋል። ሌላው ምክንያት የኤክስፖርት ብድር ዋስትና ነው። የጀርመን፣ የጣሊያን ወይም የፊንላንድ መንግሥት "መርከቡን ከእኛ አገር ከገዛህ ለባንክህ ዋስ እሆናለሁ" ይላል ማለት ነው። የበለጸጉት አገሮች በመካከላቸው በተስማሙበት ደንብ መሠረት ገዢው ቢያንስ 20 በመቶውን እስከ ርክክቡ ይከፍላል። ቀሪውን እስከ 12 ዓመት በሚመለስ ብድር መሸፈን ይችላል። ብድሩ የሚለቀቀው ደግሞ መርከቡ ሲረከብ ነው። ስለዚህ በስም የግል ኩባንያ ሥራ የሚመስለው ነገር ከጀርባው የመንግሥት ፊርማ አለው። ፊልሙ ይህን አንድም ቦታ አያነሳውም። የሚገርመው፣ ለክርክር የሚሆነው ትልቁ ጉዳይ ይኸው ነበር።

ፓፐንቡርግ ላይ የሆነው

ይህ አሠራር ሲሰነጠቅ ምን እንደሚመጣ በ2024 ጀርመን ላይ ታይቷል። ማየር ቬርፍት በጀርመኗ ፓፐንቡርግ ከተማ በ1795 የተመሠረተ የቤተሰብ ድርጅት ነው። ከእንጨት መርከብ ተነስቶ በዓለም ከታወቁት የሽርሽር መርከብ ሠሪዎች አንዱ ሆነ። ኮሮና ሲመጣ መርከቦች ቆሙ፣ ርክክብ ተገፋ። ቀጥሎ የዩክሬን ጦርነት መጣ፤ ብረትና ኃይል ተወደደ። ድርጅቱ እጅ ላይ የነበሩት ውሎች ግን ከወረርሽኙ በፊት በቁርጥ ዋጋ የተፈረሙ ነበሩ። ዕቃ ሲወደድ ዋጋ የሚያስተካክል አንቀጽ አልነበራቸውም። የሚሠራው ትዕዛዝ ሞልቶ እያለ፣ ካዝናው ባዶ ሆነ።

መስከረም 2024 ላይ የጀርመን ፌዴራል መንግሥትና የታችኛው ሳክሶኒ ክልል 400 ሚሊዮን ዩሮ ከፍለው 80 በመቶ ገደማውን ድርሻ ያዙ። ከዚያ በላይ በቢሊዮን ለሚቆጠር ብድር ዋስ ሆኑ። ቅድመ ሁኔታም ነበረው። ቤተሰቡ በ2015 ዋና መቀመጫውን በሕግ ወደ ሉክሰምበርግ አዛውሮት ነበር። ወደ ጀርመን እንዲመለስና የሠራተኛ ተወካዮች ያሉበት ተቆጣጣሪ ቦርድ እንዲኖረው ተደረገ።

ክርክሩ አሁንም አልበረደም። ደጋፊዎቹ የሚሉት ዕውቀቱ አንዴ ከተበተነ አይመለስም ነው። የመርከቡ ዋጋ አብዛኛው ወደ አቅራቢዎች ነው የሚሄደው፤ መሥሪያው ቢዘጋ በመላ አገሪቱ ቧንቧ፣ መስታወትና ማሽን የሚሠሩ ድርጅቶች አብረው ይጎዳሉ። ትዕዛዙም አልጠፋም። ዲዝኒ በዚያው ዓመት በ2027 እና በ2031 መካከል የሚረከባቸው አራት ተጨማሪ መርከቦች አዟል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላቸው። የግብር ከፋይ ገንዘብ ለሀብታም መዝናኛ ለምን ይሆናል? ሲያተርፍ መቀመጫውን ወደ ሉክሰምበርግ ያዛወረ ድርጅት፣ ሲከስር ለምን የመንግሥት ይሆናል?

በእኔ ግምት ሠራተኛውንና አቅራቢውን በተመለከተ ደጋፊዎቹ ትክክል ናቸው። ውሉን በተመለከተ ግን ተቃዋሚዎቹ ይበልጣሉ። የዋጋ ማስተካከያ የሌለው የብዙ ዓመት ውል የፈረመው ድርጅቱ ራሱ ነው። አዲሱ ባለቤት አከፋፈሉን ሳይለውጥ በዚያው 20 እና 80 ከቀጠለ የሚቀጥለው የዋጋ ንረት ሲመጣ ሂሳቡ ወደ መንግሥት ይመጣል።

ችግሩ ቅንጦቱ ላይ ነው

"ብረት መቀጥቀጥ ነው፣ ማን ያቅተዋል?" የሚል አለ። ጃፓን አቅቷታል። ሚትሱቢሺ በናጋሳኪ መሥሪያው በ2011 ሁለት ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ከአንድ የጀርመን ብራንድ ትዕዛዝ ተቀበለ። የጭነት መርከብ ሲሠራ መቶ ዓመት ያለፈው ድርጅት ነው። የመጀመሪያው መርከብ አንድ ዓመት ዘገየ። በጥር 2016 ብቻ ሦስት ጊዜ እሳት ተነሳበት። ኪሳራው በመቶ ቢሊዮኖች የን የሚቆጠር ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ድርጅቱ ከትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ሥራ እንደሚወጣ አሳወቀ። ቀድሞም በ2002 በዚያው ከተማ በግንባታ ላይ የነበረ የሽርሽር መርከብ ክፉኛ ተቃጥሎበት ነበር።

ቻይና በዓለም አንደኛ መርከብ ሠሪ ከሆነች ቆይታለች። የመጀመሪያውን የራሷን ትልቅ የሽርሽር መርከብ፣ አዶራ ማጂክ ሲቲን፣ ያስረከበችው ግን በ2023 መጨረሻ ነው። እሱም ከጣሊያኑ መርከብ ሠሪ ፊንካንቲየሪ ጋር በመተባበር ነው።

የጭነት መርከብ በአብዛኛው ባዶ ሆድና ሞተር ነው። የሽርሽር መርከብ ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ ቲያትርና የኃይል ማመንጫ በአንድ ቀፎ ውስጥ ነው። ሁሉም በባሕር ሕግ መፈተን አለበት። ሶላስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ደህንነት ስምምነት ከታይታኒክ አደጋ በኋላ በ1914 የተጀመረ ነው። ዛሬ በዚህ ስምምነት መሠረት መርከቡ እሳት በሚከላከል ግድግዳ በየ40 ሜትሩ ገደማ ይከፋፈላል። መጋረጃው፣ ምንጣፉና የግድግዳው ሽፋን የእሳት ፈተና ያለፈ መሆን አለበት። መርከቡን ለቃችሁ ውጡ የሚለው ምልክት ከተሰማ በኋላ የሕይወት አድን ጀልባዎቹ በሙሉ ሰው ጭነው በ30 ደቂቃ ውስጥ መውረድ አለባቸው። ከ2010 አጋማሽ ወዲህ ግንባታቸው ለተጀመረ ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ሌላ ደንብም አለ። አንድ የሞተር ክፍል ቢቃጠል ወይም ውኃ ቢገባው መርከቡ በራሱ ኃይል ወደብ መድረስ መቻል አለበት። ይህ ማለት ሞተር ክፍሉ፣ ኬብሉና ፓምፑ ሁለት ሁለት ሆኖ ይሠራል። አንድ ኬብል በተሳሳተ ግድግዳ ካለፈ ተነቅሎ እንደገና ነው።

በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከመቶዎች ድርጅቶች መጥተው በአንድ መተላለፊያ ይጋፋሉ። አናጢው ሳይጨርስ ኤሌክትሪሺያኑ ይመጣል። ይህን ማቀናበር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሚትሱቢሺ የወደቀበትም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ካሜራው የማይገባበት

ፊልሙ ላይ የሚናገሩት በአብዛኛው ፕሮጀክት ማናጀሮችና ካፒቴኖች ናቸው። መርከቡን ከሚሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ግን የመሥሪያው ቅጥረኞች አይደሉም። ሰብ ኮንትራክተር፣ ማለትም ንዑስ ተቋራጭ፣ ያመጣቸው ናቸው። በሐምሌ 2013 ፓፐንቡርግ ውስጥ ሁለት የሩማንያ ሠራተኞች ባደሩበት ቤት በተነሳ እሳት ሞቱ። ሰዎቹ በንዑስ ተቋራጭ በኩል ለመሥሪያው የሚሠሩ ነበሩ። ነገሩ ጀርመንን አነጋገረ። ማየር ቬርፍትም ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ስለነዚህ ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝና ማደሪያ ስምምነት አደረገ።

ጣሊያን ውስጥ ሞንፋልኮኔ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የፊንካንቲየሪ ትልቅ መሥሪያ ያለው እዚያ ነው። ከነዋሪዋ ሲሶ ገደማው የውጭ ዜጋ ነው፤ ብዙው ደግሞ ባንግላዴሻዊ ነው። ከተማዋ መርከቧን ትፈልጋለች። መርከቧን የሚሠሩት ሰዎች የት እንደሚሰግዱና የት ክሪኬት እንደሚጫወቱ ግን የምርጫ አጀንዳ እስከ መሆን ደርሷል። ድሬዳዋ ላለ አንባቢ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ባቡሩ ግሪክ፣ አርመን፣ ዓረብ፣ ሕንድና ፈረንሳይ ያመጣባት ከተማ ናት። አንድ ሥራ አንድን ከተማ እንዴት እንደሚለውጥ እዚህ ማብራራት አያስፈልግም።

አደጋም አለ። በኅዳር 2003 ፈረንሳይ ሴን ናዜር ላይ ሊጠናቀቅ የተቃረበውን ኩዊን ሜሪ 2 ለመጎብኘት ሰዎች መጡ፤ ብዙዎቹ የሠራተኞች ቤተሰቦች ነበሩ። የመወጣጫው ድልድይ ተደርምሶ 16 ሰዎች ሞቱ። መርከቡ በጥር 2004 የመጀመሪያ ጉዞውን ጀመረ።

የድርጅቶቹ መከራከሪያ ንዑስ ተቋራጭ ከሌለ ዋጋው አይቻልም፣ ሥራውም ወቅት ወቅት ስለሆነ ቋሚ ሠራተኛ ማብዛት አያዋጣም የሚል ነው። የሠራተኛ ማኅበራቱ መልስ ደግሞ ርካሽ የሆነው አንድ ሰው በርካሽ ስላደረ ነው የሚል ነው። ይህም ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ቁርጥ ዋጋ ይመልሰናል።

ጋዙና ወደቦቹ

በፊልሙ "አረንጓዴ መርከብ" የሚል ነገር ይሰማል። አዳዲሶቹ በብዛት የሚነዱት በኤልኤንጂ ነው፤ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ የተፈጥሮ ጋዝ ማለት ነው። ሲቃጠል ጥላሸትና ሰልፈር የለውም ማለት ይቻላል። ካርቦኑም ከከባድ ነዳጅ ያነሰ ነው። የተቺዎቹ ነጥብ ሳይቃጠል ከሞተሩ የሚያመልጠው ሜቴን ነው። ሜቴን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ሙቀት ይይዛል። በወደብ አየር ረገድ ጋዙ ይሻላል። በአየር ንብረት ረገድ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚያፈስ ይወስነዋል።

ገበያው ግን አድጓል። በ2024 በዓለም ላይ 34.6 ሚሊዮን ያህል ሰው በሽርሽር መርከብ ተጉዟል፤ ከኮሮና በፊት ከነበረው ይበልጣል። ወደቦች በበኩላቸው መግፋት ጀምረዋል። ቬኒስ ላይ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ትልልቆቹ በከተማዋ እምብርት እንዳያልፉ ተከልክለዋል። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በቀይ ባሕር ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ብዙ የሽርሽር ኩባንያዎች ከባብ አል መንደብ ርቀዋል። ስለዚህ ጂቡቲ ላይ እንዲህ ያለ መርከብ ቆሞ ለማየት ያሰበ ሰው ትንሽ ይታገስ።

ባሕር ስለሌለን ነው?

ይህ ጥያቄ ከባሕር በር ፖለቲካው ጋር ተያይዞ ስለሚነሳ ስሜት ይቀሰቅሳል። የመርከብ ሥራን ብቻ ይዘን ካየነው ግን መልሱ ሌላ ነው። ፓፐንቡርግ ባሕር ዳር አይደለችም። መርከቧ ስታልቅ ኤምስ በሚባል ጠባብ ወንዝ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። በጎታች ጀልባ እየተያዘች፣ የኋሊት፣ የባሕሩ ውኃ ሞልቶ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ውኃው እንዲሞላ በ2002 የተሠራው ግድብ ይዘጋል። የአካባቢ ተከራካሪዎች ወንዙ ለአንድ ድርጅት ሲባል ተቆፍሮ ተጎድቷል ይላሉ፤ ክርክራቸውም ክብደት አለው። ኤምኤስሲ ደግሞ መቀመጫው ጄኔቫ ነው፤ ባሕር በሌላት ስዊዘርላንድ። ጠረፍ መኖሩ ወጪ ይቀንሳል። መርከብ የሚያሠራው ግን ትዕዛዝ፣ ብድር፣ አቅራቢና የቆየ ሙያ ነው።

ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ምስክር ናት። ባቡሩ ከጂቡቲ ተነስቶ በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች አዲስ ከተማ ከስር ተቆረቆረች፤ "አዲስ ሐረር" ተባለች። ሐዲዱ ለዓመታት ከዚህ አላለፈም። ድርጅቱ ገንዘብ አለቀበት፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ፖለቲካ ገባበት፣ ከሰረ። ሥራው በአዲስ ኩባንያ ተጀምሮ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። መሐንዲስም ሐዲድም አልጠፋም ነበር። የጠፋው ሌላ ነው። በዚያ መቋረጥ ምክንያት ግን ከተማዋ ወርክሾፕ አገኘች። ቶርኖ፣ ብረት ማቅለጫና የሎኮሞቲቭ ጥገና እዚህ ሰፈረ፤ የሙያ ትውልድም አፈራ።

ዛሬ ኢትዮጵያ መርከብ አትሠራም፤ ታሠራለች። ባለፈው አስርት ዓመት መጀመሪያ ላይ በቻይና መሥሪያዎች ዘጠኝ መርከቦች አሠርታ ተረክባለች። አንዷ "ሐረር" ትባላለች። የጭነት መርከብ ናት፤ ገንዳም ቲያትርም የላትም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም ተቋም ደግሞ ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶችን አሠልጥኖ በውጭ መርከቦች ላይ ያሠማራል። ከሽርሽር መርከብ ይልቅ ለኢትዮጵያዊ ወጣት ቅርብ የሆነው በር እሱ ነው።

ሌላው በር ጥገና ነው። መርከብ ምንም ዓይነት ቢሆን በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ መታየት አለበት። ጂቡቲ በቅርብ ዓመታት ከሆላንዱ ዳመን ኩባንያ ጋር በመሆን ተንሳፋፊ የጥገና ዶክ አስገንብታለች። ከድሬዳዋ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ብየዳ፣ ቧንቧ፣ ቶርኖና ቀለም ነው፤ ሳቢያንና መጋላ ያሉ ወርክሾፖች የሚያውቁት ሥራ። የሚያግዳቸው ወረቀት ነው። የመርከብ ቀፎ ላይ የሚበይድ ሰው እንደ ቢሮ ቬሪታስ፣ ዲኤንቪ ወይም ሎይድስ ሬጅስተር ባሉ መርማሪ ድርጅቶች ፊት ተፈትኖ ሰርተፊኬት መያዝ አለበት። ፈተናው በብየዳ ዓይነት፣ በብረት ውፍረትና በአቀማመጥ ይለያያል፤ ለወለል ያለፈ ሰው ጣሪያ መበየድ አይፈቀድለትም። የበየደው ብረት በራጅ ይታያል ወይም እስኪሰበር ይታጠፋል። ካለፈ በኋላም ስድስት ወር በዚያ ዓይነት ብየዳ ሳይሠራ ከቆየ ወረቀቱ አይሠራለትም፤ እንደገና ይፈተናል።